ጋጋሪው ቀን ነቅቶ የዋለበት ሳምንት

ዳቦ ቤቱ ውስጥ «መምህር» ይሉታል። ተምሮ አይደለም፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ እያስተማረ ስላስቸገራቸው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ዳቦ ሲጋግር፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል በሚጠብቁባት ባዶ ሰዓት ስለ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ያላወራበት ቀን ቢኖር ጥርሱን ያመመው ቀን ብቻ ነው። «ልጅ የሚጮኸው ወላጅ ሲጮህ ነው» ይላል፣ ዱቄት የነካ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። «የእኔን ቤት መጥታችሁ እዩ። ቀን ስተኛ ዝንብ ስትበር ይሰማል። ልጆቼ በተፈጥሯቸው ዝምተኞች ናቸው፤ በእኔ ወጥተው ነው።» በእሱ ወጥተው! ከእሱ የባሰ ለፍላፊ ያ ዳቦ ቤት አይቶ አያውቅም። የአምስት ወንዶች ልጆች አባት የሆነው ሊጥ አቡኪው ይህን በሰማ ቁጥር ሊጡን ከወትሮው አብልጦ ይደበድበዋል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ግን ደግሞ አይፈረድበትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል፣ ሻዩን በዳቦ አድርጎ ይተኛል። አሥር ሰዓት ላይ ተነስቶ ይታጠባል፣ ይበላል፣ አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ወደ ሥራው ይወጣል። በዚያች ቁራጭ ጊዜ የሚያያቸው ልጆች ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚስቁ፣ በር ቀስ ብለው የሚዘጉ ናቸው። የቀረውን በየት በኩል ይወቀው?

እንዲህ ሆኖ ሲኖር፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ተዘግቶ ልጆች ሁሉ ቤት በሚውሉበት፣ ሙቀቱም ጣራውን በሚያንጣጣበት አንድ የበጋ ሰሞን፣ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ሆዱ ላይ ተሰነጠቀ። ግንበኛው መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ባለቤቱም ሠራተኞቹን «በሉ እስከ እሑድ ማታ ቤታችሁ እረፉ» አላቸው።

መምህር ደስታውን አልቻለውም። ሰኞ ማለዳ እንደ ልጅ እየሮጠ ገባና በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ «ስሙ! ሳምንቱን ሙሉ ሥራ የለም! ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ሌሊት ተኝቼ ቀን ከእናንተ ጋር እውላለሁ!» አለ።

ሚስቱ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ጆሮዋን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገች። አማቱ መዳፋቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ትልቋ ልጅ ሁለቱንም ጉንጮቿን ነፋች። የስምንት ዓመቷ ትንሿ ደግሞ አፍንጫዋን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ከክፍሉ ሹልክ አለች።

«ምንድን ነው?» አለ መምህር።

«ምኑ?» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ነቅቻለሁ እኮ! ለምን ትንሾካሾኪያለሽ?»

«ማን? እኔ?» አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ።

ሰውዬው የገዛ ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያን ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የበሩ ደወል ጨርቅ ተጠምጥሞበት ጥርሱን እንዳመመው ሰው ተቀምጧል። ማንኪያዎቹ በሙሉ የእንጨት፣ ሳህኖቹ በሙሉ የፕላስቲክ ናቸው። ወንበሮቹ እግራቸው ላይ አራት አራት የሕፃን ካልሲ አጥልቀዋል። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ አፉ ላይ ክር ታስሮለት ክሩ እስከ ባልዲው ሥር ይወርዳል፤ ጠብታው ድምፅ ሳያሰማ በክሩ ተንሸራቶ ይገባል። የግድግዳው ሰዓት ግድግዳው ላይ የለም። ሣጥን ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሣጥን ይከፍታል። አማቱ ደግሞ በየቅዳሜው የበሮቹን ማጠፊያ በምግብ ዘይት እንደሚያሹ ያኔ ሰማ። እሱ እኮ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ድንች ስለሚወዱ ነበር የሚመስለው።

«የስፌት መኪናሽስ የት ሄደ?» አለ ሚስቱን፣ ባዶውን ጥግ እያየ።

«ልብስ ተኳሿ ጎረቤታችን ጋ ነው። ስድስት ዓመቱ። ድምፁ እንዳይቀሰቅስህ ብዬ እሷ ቤት እየሄድኩ እሰፋለሁ።»

«እኔ እኮ ሸጠሽዋል ብዬ ነበር!»

«ሸጬው ቢሆን ልጆቹን በምን እየሰፋሁ አለብሳቸው ነበር?»

«በእጅሽ መስሎኝ።»

ሚስቱ ረጅም ጊዜ አየችው። መልስ ነበራት፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ግን ዋጠችውና ከጀርባው ለቆመችው ለትልቋ ልጅ አንድ ጣቷን አሳየቻት። ልጅቷም እርሳስ ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች።

ይኼ ነገር አላማረውም። ተከትሏት ሲገባ ልጅቷ የዕቃ ሣጥኑን በር ከፍታ በውስጥ በኩል የተለጠፈ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ዓይኑን አጥብቦ አነበበው። በሚያምር የትምህርት ቤት እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ማበጠሪያዬን ማን ወሰደ፤ እኔና ትንሿ፤ ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት። ሾርባው ላይ ሁለተኛ ጨው የጨመረ፤ እማዬና እማማ፤ ከማበጠሪያው ቀጥሎ። ሳቅሽብኝ አልሳቅሁም፤ ሁላችንም፤ ጊዜ ከተረፈ።» ከሥሩ ገና አሁን የተጻፈ አዲስ ነገር ነበረ፦ «በእጅሽ መስሎኝ፤ እማዬ፤ ቀኑ ያልተወሰነ።»

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የጠብ ቀጠሮ ነው አባዬ» አለች ልጅቷ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደተጠየቀች ሁሉ ተረጋግታ። «ቀን አንጣላም፤ አንተ ተኝተሃል። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትወጣ የለ? ዕቃ ረስተህ ብትመለስ ብለን አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቅሃለን። ከዚያ እንጣላለን።»

«በየቀኑ?»

«እሑድ አንዳንዴ አይሞላም።»

ያ ጆሮ መሳብ፣ ያ አናት መያዝስ? ልጅቷ እሱንም አስረዳችው። ጆሮ መሳብ «ነቅቷል፣ ተጠንቀቁ» ነው። አናት መያዝ «ምን ጉድ መጣ» ነው። ጉንጭ መንፋት «እኔ የለሁበትም»፣ አፍንጫ መታ መታ ማድረግ «ውጭ ነኝ» ነው። መምህር እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ትልቋ አብራው አልሳቀችም። «ግን እኮ አባዬ» አለች፣ «በዚህ ሳምንት ማታ ማታም እዚሁ ከሆንክ፣ መቼ ልንጣላ ነው?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ማክሰኞ ማታ ወረቀቱ ሞላ። ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛ ወረቀት ተለጠፈ። እነዚህ ሰዎች በየማታው አንዴ ተንፍሰው የሚያድሩ ሰዎች ናቸውና፣ ሳይጣሉ ሁለት ቀን ሲያድሩ ጨዋነታቸው የሚያስፈራ ሆነ። «ጨውን ብታቀብሉኝ፣ እማማ?» ትላለች ሚስቱ ጥርሷን ነክሳ። «እንዴታ የኔ ልጅ፣ እንዳሻሽ ጨምሪ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» ይላሉ አማቱ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ። ረቡዕ ማታ ትልቋ ልጅ በስተመጨረሻ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አባዬ፣ ትንሽ ዞር ዞር ብለህ አትመጣም? ለግማሽ ሰዓት ብቻ። እማማ ሊፈነዱ ነው።»

ከገዛ ቤቱ ሰው ይጣላበት ዘንድ ውጣ የተባለ አባወራ ከእሱ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ። ወጣ። ምን ያድርግ?

እሱን ያንገበገበው ግን የጠብ ቀጠሮው አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ረፋዱ ላይ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ልብስ ተኳሿ ጎረቤት የተተኮሰ ሸሚዝ በክንዷ ላይ አንጋላ መጣች። አየችው። ቆመች። እንደገና አየችው።

«አንተ ነህ ባልዋ?»

«ነኝ» አለ።

«ውይ ተመስገን! ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ባሌ ተኝቷል፣ ባሌ ተኝቷል› ስትለኝ፣ አልጋ ላይ የዋልክ በሽተኛ መስለኸኝ ስጸልይልህ ኖርኩ እኮ! አሁን ተሻለህ?»

«ደህና ነኝ፤ ጋጋሪ ነኝ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም» አላት ቅር ብሎት።

«እሰይ። በል ጥሩምባን ንገርልኝ፤ ዛሬ ወደ ሜዳው ስትወርድ የእኔንም ልጅ ትጥራው። ከእሷ ድምፅ በቀር የሚሰማው የለም።»

«ጥሩምባ ማን ናት?»

«ልጅህ ናታ! ትንሿ። አታውቅም እንዴ? ድምጿ ሰማይ ይሰነጥቃል። እኔ ሬዲዮኔ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አላሠራሁትም። የሰፈሩን ወሬ እሷ እያሰማችኝ ለምን ብዬ ላሠራው?» ብላ ሸሚዙን አስተካክላ አለፈች።

መምህር ክው አለ። ትንሿ? ያቺ በዳቦ ቤቱ «ከተወለደች ሁለቴ ነው የጮኸችው፣ እሱም ስትወለድና ስትከተብ» እያለ የሚያወራላት ልጅ? መጀመሪያ አፈረ፤ የአቡኪው ፊት መጣበት። ቀጥሎ ግን ከእፍረቱ የከፋ ነገር ተሰማው፤ ቅናት። ልብስ ተኳሿ የልጁን ድምፅ ታውቃለች። ወተት የሚያመላልሰው ሰውዬ ያውቃል። የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። አባቷ ብቻ ነው የማያውቀው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ እንዳለ ለራሱ ማለ፦ እሑድ ማታ ወደ ምድጃው ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጁን ድምፅ ከነሙሉ ጉልበቱ ይሰማል። ካልሰማም ሥራ አይገባም አለ። ሥራ እንደሚገባ ግን ያውቀዋል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው ወረደ። ገና ሁለት መንገድ ሲቀረው ሰማው። «አቀብሉኝ! በዚህ በኩል! አንተ ዓይን የለህም እንዴ!» የሚል፣ ከቤት ጣራ ላይ የሚያስተጋባ ድምፅ። ቃሉ ይመጣል እንጂ ሩቅ ነው፤ የእሷ ይሁን የሌላ እርግጠኛ አይደለም። ሮጠ። ጥጉን ሲታጠፍ አንዱ ልጅ አየውና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «እሽ! የጥሩምባ አባት ተነስቷል!» ያ ሁሉ ልጅ ባንዴ ጸጥ አለ። ኳሷን ብብቱ ሥር የወሸቀ፣ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት የቆመ፣ ትንሹን ወንድሙን አፉን የያዘ፤ ለካ ሰፈሩ በሙሉ ሰልጥኗል።

«ተጫወቱ እንጂ! እኔም ልግባ» አለ መምህር።

ገባ። የተጫወቱት ጨዋታ ግን ዕድሜ ልኩን የማይረሳው ነው። አሥራ አንድ ልጅ ትንፍሽ ሳይል ኳስ ይመታል። ትንሿ ልጁ ሦስት ሰው አታልላ፣ እሱን ራሱን በእግሮቹ መካከል አሳልፋ ጎል አገባች፤ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ ዞረች። ድምፅ አልወጣም። ጓደኞቿ ተሸክመዋት በእግር ጣት እየረገጡ ሜዳውን ዞሩ።

ሐሙስ ሊያስደነግጣት አሰበ። ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ እግር ሲሰማ «ቧ!» ብሎ ዘለለ። የመጡት አማቱ ነበሩ። የድንች ትሪ ይዘው ነበር። ድንቹ የት የት እንደገባ እስከ አርብ ድረስ እየተገኘ ነበር፤ እሳቸው ግን ያኔም አልጮኹም፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ደረታቸውን ይዘው፣ በሌላኛው እጃቸው ለትልቋ ልጅ «ጻፊ! ጻፊ!» የሚል ምልክት ብቻ ሰጡ።

ቢጨንቀው ትንሿን ጠርቶ ፊት ለፊቱ አቆማት። «በይ ጩኺ» አላት።

«በጣም ነው ወይስ ትንሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«በጣም!»

ልጅቷ እሺ ባይ ናት። አየር ሳበች። ደረቷ ተነፋ፣ ጉንጯ ተወጠረ፣ ዓይኖቿ ፈጠጡ። መምህር ጆሮውን አቀና። ከዚያ አየሩ እንደተበሳ የብስክሌት ጎማ ቀስ እያለ ሾልኮ ወጣ፤ ዓይኗም በእንባ ሞላ። «አልቻልኩም አባዬ። ይቅርታ» ብላ አፍንጫዋን መታ አድርጋ ወጣች። መምህር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ እልህ ነበር። አሁን ግን አዘነ።

አርብ ዕለት ለሚስቱ አጫወታት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንሾካሾክ ተናገረች።

«የክንድህን ጠባሳ ታስታውሰዋለህ?»

ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የሚደርስ ጠባሳ አለው፤ እንዴት ይረሳዋል? የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

«በዚያን ቀን ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ ሳቀች። ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። ነቃህ። ምንም አላልካትም፣ ውሃ ጠጥተህ ተመልሰህ ተኛህ። ማታ ሥራ ሄደህ ተቃጠልክ። ጠዋት በፋሻ ታስረህ ስትመጣ ምን አልከን?»

መምህር ጠባሳውን በመዳፉ ሸፈነ።

«‹ቀን እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ነው፣ ዓይኔ ተከድኖ ምድጃውን ተደገፍኩት› አልከን። እሷ በር ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ብላ ነው የያዘችው። ብነግራት፣ ብመክራት እሺ አትልም። ያ ሁሉ ምልክት ከማን የመጣ መሰለህ? ግማሹን ያወጣችው እሷ ናት። የወንበሮቹ ካልሲም የእሷ ነው፤ የሕፃንነቷ። ራሷ ናት ያለበሰቻቸው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። መምህር በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ጭራሹን አልነበረበትም። ከመቼውም ይልቅ ንቁ ነበር። እንዴት እንደተቃጠለ ግን ከዳቦ ቤቱ ሠራተኞች በቀር የሚያውቅ የለም፤ እነሱንም ለማንም እንዳይነግሩበት አስምሏቸዋል። ነገሩ ክብር የሚነካ ስለነበረ በመንገድ ላይ ሲመጣ ሌላ ታሪክ ፈለገለት። «እንቅልፍ ያጣ ታታሪ አባት» የሚለው ያምር ነበር። ደግሞም ጠቀመው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾርባ እየተሠራለት ከረመ፣ አማቱም ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ» ያሉት። ያቺን ትንሽ ውሸት ከዚያ በኋላ ረስቷት ነበር። ልጁ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ተሸክማታለች።

«ምነው ፊትህ ገረጣ?» አለች ሚስቱ።

«ነገ በምሳ ሰዓት» አለ፣ «ሁላችሁንም አንድ ነገር እነግራችኋለሁ።» ሌሊቱን አልተኛም። እንደ ሰው ሌሊት ልተኛ ብሎ የመጣ ሰውዬ!

ቅዳሜ ኩሽና ውስጥ ምሳ ቀርቦ ሁሉም በእንጨት ማንኪያቸው ሾርባ ሲጠጡ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ጊዜ ጠረገ፣ ሁለት ጊዜ ጠረገ፤ ሦስተኛው ላይ አማቱ ውሃ አቀበሉት።

«ክንዴን ያቃጠልኩት ከእንቅልፍ ማጣት አይደለም» አለ። «ዋሽቻችሁ ነው። በዚያ ሌሊት ደህና አድርጌ ነቅቼ ነበር።»

የትንሿ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ በምን ተቃጠልክ?» አለች ሚስቱ።

«እየጨፈርኩ ነበር።»

«ከማን ጋር?!»

ጋጋሪው ላብ አጠመቀው። «ከአካፋው ጋር» አለ፣ ድምፁ ሊጠፋ ደርሶ። «ዳቦ ከምናወጣበት ከረጅሙ የእንጨት አካፋ ጋር። ሬዲዮው ጥሩ ዘፈን ለቀቀ። አቡኪው ‹አትችልም› አለኝ። እኔ ደግሞ...»

ጸጥታ ሆነ። ያ ቤት ጸጥታን የሚያውቅ ቤት ነው፤ እንደዚህ ያለው ግን ለእሱም አዲስ ነበር። አማቱ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አፋቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጥንቱንም ይጠረጥሩት ነበር።

«አሳየና» አሉ።

«እማማ፣ እባክዎ...»

«አሳየን እንጂ። ሁለት ሳምንት ሾርባ ያጠጣሁት ሰው ምን አድርጎ እንደተቃጠለ ማየት መብቴ ነው።»

ምን ያድርግ፤ ራሱ ነው ያመጣው። ተነስቶ ከበር ጀርባ መጥረጊያውን አመጣ። መጀመሪያ መጥረጊያውን እጅ ነሳው። ከዚያ «ወገቡን» ያዘ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ ትከሻውን አንዴ ነቅነቅ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ያኔም ጨፍኖ ነበርና። አፉ በራሱ ጊዜ ዘፈኑን ጀመረ። «እንግዲህ ልክ እዚህ ላይ ስደርስ» አለ እየተሽከረከረ፣ «በወገቤ ወደ ኋላ ልል ስል...» ብሎ በወገቡ ወደ ኋላ ሲል የዕቃ ሣጥኑን በመቀመጫው መታው። ሣጥኑ ተበረገደ። ሃያ የፕላስቲክ ሳህን በአናቱ ላይ ዘነበ፤ የመጨረሻው ጎድጓዳው ነበርና እንደ ባርኔጣ ልክ ሆኖለት ቀረ። እሱ ግን መጥረጊያውን አልለቀቀም። «ያኔም አልለቀቅኋትም» አለ ከጎድጓዳው ሥር።

የትንሿ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እጇ እንደለመደው ሮጦ አፏን ከደነ። ይህን ጊዜ አማቱ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ሰደዱና የልጅቷን እጅ ከአፏ ላይ አንስተው ያዙላት።

መጣ። ጥሩምባ ያሏት ሰዎች አሳንሰዋታል። ከሆዷ ተነስቶ፣ ጉሮሮዋን ሞልቶ፣ ሳህኖቹን እንደገና ያንቀጠቀጠ ሳቅ ነበር። ሳቀች፣ ትንፋሽ ስባ እንደገና ሳቀች፣ «ከአካፋ ጋር!» ብላ ጮኸች፣ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተንከባለለች። በግድግዳው ማዶ ልብስ ተኳሿ «ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀች። «አባዬ ከአካፋ ጋር ጨፈረ!» ብላ ትንሿ ለሰፈሩ በሙሉ አሰማች። መምህር ጎድጓዳውን ከራሱ ላይ አላነሳም። ዓይኑ ላይ አውርዶት ከሥሩ ያለቅስ ነበር፤ ከደስታ ነው፣ ከእፍረትም ነው፤ ከሁለቱም ነው።

ትልቋ ልጅ እርሳሷን አንስታ በተበረገደው በር ላይ ጻፈች፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ አነበበች፦ «ሦስት ዓመት የዋሸን፤ ሁላችንም ከአባዬ ጋር፤ አሁኑኑ።» ስሙ እዚያ ወረቀት ላይ በተከሳሽነት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እስከ ማታ ድረስ ተጣሉት። የጨውም፣ የማበጠሪያውም፣ የድንቹም፣ «በእጅሽ መስሎኝ» የሚለውም ተነሳ። በአራት ሴቶች መካከል ቆሞ ሲሰደብ መዋሉን እንደ ሹመት ቆጠረው። በእርግጥም ቤተሰቡ ውስጥ የገባው ያን ቀን ነው።

እሑድ ማታ ጫማውን ሲያስር ግን ትንሿ መጥታ በሩ ሥር ቆመች። ድምጿ ተመልሶ ሹክሹክታ ሆኗል። «ምድጃው ተሠራ?»

«ተሠርቷል።»

«ነገ ቀን ትተኛለህ ማለት ነው።»

«እተኛለሁ። አንቺ ግን እንዳሻሽ ጩኺ። ሰማሽኝ? የተቃጠልኩት በእግሬ ነው እንጂ በጆሮዬ አይደለም።»

ልጅቷ አልሳቀችለትም፣ አላለቀሰችለትም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ ማለቷ አልገባውም። ሌሊቱን ዳቦ ቤት ውስጥ ስለ ልጅ አስተዳደግ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ አቡኪው ታሞ እንደሆነ ጠየቀው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባ፣ ሻዩን በዳቦ አድርጎ ተኛ። ተኛ ማለት ተጋደመ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ያስተኛው ጸጥታ ዛሬ እንደ መርፌ ወጋው፤ ዓይኑ ጣራው ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። አንድ ሳቅ፣ አንድ ሩጫ፣ የአንድ ሳህን መውደቅ። ምንም። ‹ጠፋ፤ የአንድ ቀን ብቻ ነበር› አለ በልቡ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

ከበሩ ውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ቆመ። ሲያመነታ ቆየ። አየር ሲሳብ ሰማ፤ ብዙ አየር።

«አባዬ!» አለ ግድግዳውን የሚያናውጥ ድምፅ። «ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ!» ብሎ ጮኸ መምህር።

«ጥሩ! እንዳልቀሰቅስህ ብዬ ነው!»